እሱ የተዋቸው ባዶ መስመሮች

ባለቤቴ የቀኑን ሥራ ሲጨርስ ኮምፒውተሩን በነጭ ጨርቅ ይሸፍነው ነበር። የከተማችን የመካነ ሰላም አቧራ በጨርቅ የሚመለስ አይደለም፤ ቢሆንም ይሸፍነዋል። ከቀብሩ በኋላ ያን ጨርቅ ያነሣው ሰው አልነበረም። ሱቁን መክፈት ጀምሬአለሁ፤ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በእጄ እጽፋለሁ። ወደ እሱ ጠረጴዛ ግን አልሄድም።

ሱቁ ከገበያው ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። በሯ ላይ «ጽሕፈትና ዲዛይን» ይላል። የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት፣ የእድር ደንብ እንሠራለን። እሱ ያቀናብራል፣ እኔ አነብና አርማለሁ። እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ኖርን።

ሲሞት አንድ ሥራ በእጁ ላይ ነበር፤ የደብራችን የጸሎት መጽሐፍ። ግእዙ በግራ፣ አማርኛው በቀኝ ጎን ለጎን ይሄዳል። አምስት አምስት ስንኝ ያለው እያንዳንዱ አርኬ ከትርጉሙ ጋር በእኩል ከፍታ መጀመር አለበት፤ አለዚያ ሁለቱን እያየ የሚጸልየው ሰው የደረሰበት ይጠፋበታል። የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ደግሞ እንደ ብራናው ወግ በቀይ ይጻፋል።

ይህን ሁሉ ባለቤቴ የሚሠራው ደብዳቤ በምንጽፍበት ተራ ፕሮግራም ነበር። የሚያውቀው እሱን ነው። አርኬው ከትርጉሙ ጋር እንዲገጥም ባዶ መስመር ይጨምራል፤ ቃል ከቃል እንዲርቅ ክፍተት ይጨምራል፤ ቀዩን ስም አንድ በአንድ እየመረጠ ያቀላል። ጽሑፉን የሚያርሙት የደብሩ መሪጌታ አንድ ቃል ሲያስተካክሉ መስመሩ ይረዝማል፤ መስመሩ ሲረዝም ገጹ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይናጋል። እሱም ከዚያ ገጽ ጀምሮ እንደ አዲስ ይደረድራል። ስለዚህ ሥራ ሊያልቅ ሲል በሩ ላይ ቆሞ «ከእንግዲህ እርማት የለም፣ መሪጌታ!» ይላቸው ነበር። መሪጌታም ፈገግ ብለው ወረቀታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መልሰው ይከታሉ።

ከዚህ መጽሐፍ በፊት አንድ ትንሽ መጽሐፍ ሠርቶላቸዋል። ደሴ ማተሚያ ቤት ሲከፍቱት እኛ የጻፍንበት የፊደል ዓይነት (ፎንት) እዚያ ኮምፒውተር ላይ ስላልነበረ ሁሉም ተዛነፈ። አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ አራት ቀን እዚያው ተቀምጦ አስተካከለው። ታትሞ ሲመጣ በአንድ ገጽ ላይ የእመቤታችን ስም ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። ማንም ሳይነግረው ራሱ አየው። ቀይ እስክሪብቶ ገዝቶ ሦስት መቶውን ቅጂ አንድ በአንድ አቀላ። እኔ ገጹን እገልጥለታለሁ፣ እሱ ፊደሉን እየተከተለ ይደርብበታል።

ከአርባው በኋላ መሪጌታ ወደ ሱቁ መጡ።

«ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ። ይህችን ቃል በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ለሐዘንተኛ ይላታል። ከዚያ ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ። «ያ መጽሐፍ ለንግሡ መድረስ ነበረበት። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ጨክነው አይደለም፤ ግን ደሴ ላለ ሰው ከመነሻው ይሰጥ እያሉ ነው። እኔ እስቲ አስቀድሜ ልጠይቃት ብዬ መጣሁ።»

«ሁለት ሳምንት ይስጡኝ» አልኋቸው።

ምን ተማምኜ እንዳልሁ አላውቅም። የማውቀው፣ የሁለት ዓመት ድካሙ ተጥሎ ሌላ ሰው ከመነሻው ከጀመረው፣ እኔ እዚያ ሱቅ ውስጥ ተመልሼ መቀመጥ እንደማልችል ነው።

በዚያው ሳምንት አንዲት የወረኢሉ ልጅ ሥራ ልትጠይቅ መጣች። ደሴ ዲዛይን ተምራለች፤ ላፕቶፗን የገዛችላት ጅዳ ያለች እኅቷ ናት። ሻርፗን አስተካክላ ከተቀመጠች በኋላ የተሸፈነውን ኮምፒውተር አየች።

«እትዬ፣ ይሄስ አይሠራም?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ ማን ይዞት ነው?»

ነገርኋት። ስለ መጽሐፉም ነገርኋት። ጨርቁን ራሴ አነሣሁት።

ፋይሉን ከፍታ ትንሽ አየችና አንድ ቁልፍ ነካች። ገጹ በነጠብጣብና በትንንሽ ምልክቶች ተሞላ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኋት።

«የማይታየው ነው፣ እትዬ። ነጥቧ ክፍተት ናት፤ ይሄኛው ምልክት ባዶ መስመር ነው። ጋሼ ቁልፉን በነኩ ቁጥር አንድ ይቀመጣል።» ወደ ታች እያወረደች አሳየችኝ። «ወላሂ፣ ይሄን ሁሉ በእጃቸው?»

ወደ ስክሪኑ ተጠግቼ አየሁ። ከአንዳንዱ አርኬ ሥር ሰባት ባዶ መስመር አለ፣ ከአንዳንዱ ሥር አሥራ አንድ። እሱ ቁልፉን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ፣ ከጎኑ ተቀምጬ ሳላስተውለው የኖርሁት ድምፅ ነው። አሁን ምቱ ሁሉ ነጥብ ሆኖ ፊቴ ቆሟል።

«ይሄን ሁሉ እናወጣዋለን። በአንድ ትእዛዝ ይጠፋል» አለች።

«ቆይ!» አልኋት። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች።

ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ገባት። «እትዬ፣ የጋሼን ፋይል እኮ አልነካውም። የምሠራው ቅጂ አውጥቼ ነው። የእሳቸው እንደተዉት ይቀመጣል፤ ባሻዎት ጊዜ ከፍተው ያዩታል።»

እፎይ አልሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ ትንፋሼ እስከ ታች የወረደው ያን ጊዜ ነው።

እሷ የምትሠራበት ለመጽሐፍና ለመጽሔት ገጽ ማቀናበሪያ ተብሎ የተሠራ ሶፍትዌር ነው። እንደገባኝ ልጻፈው። ጽሑፉ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ሳጥን ሲሞላ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። አርኬው ከትርጉሙ ጋር እንደ ጥማድ በሬ ተጠምዷል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው አብሮ ይወርዳል። ርእሱ ምን እንደሚመስል፣ ግእዙ በምን ያህል መጠን ፊደል እንደሚጻፍ አንድ ጊዜ ትነግረዋለች። ሐሳቧን ከቀየረች እዚያው አንድ ቦታ ላይ ትቀይራለች፤ መጽሐፉ ሁሉ ይከተላል። የገጹን ቁጥርና ከላይ ያለውን የሐረግ ጌጥ በአንድ ዋና ገጽ ላይ አስቀመጠችው፤ በሁሉም ገጽ እኩል ቦታ ላይ ወጣ። ባለቤቴ ሐረጉን በየገጹ እየለጠፈ፣ እኩል መሆኑን ለማወቅ ስክሪኑን በማስመሪያ ይለካ ነበር።

ለቀዩ መሪጌታን ጠራናቸው።

«እንግዲህ መጽሐፋችንን ከእስላም እጅ ልንቀበል ነው?» አሏት፣ ዓይናቸው እየሳቀ።

«ምን አለበት፣ መሪጌታ? የመውሊዱን ባነር ጋሼ አይደሉ ሲሠሩ የኖሩ?»

«እሱስ እውነት ነው። ብቻ ስም እንዳትረሺ።»

«እኔ ብረሳ እሱ አይረሳም» አለች ወደ ስክሪኑ እያሳየች።

በቀይ የሚጻፉትን ስሞች እሳቸው ነገሯት፣ እሷ መዘገበች፤ ሶፍትዌሩ ፈልጎ እንዲያቀላቸው አዘዘችው። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ቀላ። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ እያዩ የመጨረሻው ጋ ሲደርሱ ሳቅ አፈናቸው። እዚያ ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮና እንጨት የሰጡ ሰዎች በክርስትና ስማቸው ተዘርዝረዋል፤ የክርስትና ስማችን ደግሞ ብዙ ጊዜ የቅዱስ ስም ይዞ ነው የሚመጣ። እስከ ወግዲ ድረስ ያለው ገበሬ ሁሉ ግማሽ ስሙ ቀልቷል።

«አንቺ ልጅ፣ ቆርቆሮ የሰጠውን ሁሉ አጸደቅሽው እኮ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ቀዩ ለጸሎቱ ነው፤ ይሄ የስጦታ መዝገብ ነው። ጥቁር አድርጊው።»

ዝርዝሩን ለይታ አወጣችው። እኔም ስቄአለሁ። ስስቅ መሆኑን ያወቅሁት ከጨረስሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ መሪጌታ በየቀኑ ይመጣሉ፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ልጅቱ ታስተካክላለች። ቃል ይጨመራል፣ ቃል ይወጣል፤ የሚናጋ ገጽ የለም። ሁለት ሳምንት ብዬ ነበር፤ በአሥረኛው ቀን አለቀ።

ወደ ደሴ ልንልክ ባልንበት ጠዋት መሪጌታ በሩ ላይ ቆሙ። አይገቡም። እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው።

«ይግቡ እንጂ» አልኋቸው።

«አይ፣ ዘግይቻለሁ መሰለኝ። እሱ ቢሆን አያስገባኝም ነበር።»

«እርማት ነው?»

«አንዲት መስመር ናት። ከመካከል የምትገባ። ካስቸገረች ትቅር።»

ወረቀቷን ተቀበልኋቸው። የምትገባው ከመዝጊያው ጸሎት ውስጥ ነው፤ መጽሐፉን የጻፈው፣ ያጻፈውና የሚያነበው ከሚታሰቡበት ቦታ። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊያቸውን እዚያ ላይ በስሙ ያሳስቡታል። መሪጌታ በዚያ ጥርት ባለ እጅ ጽሑፋቸው፣ ጸሐፊው ብለው የባለቤቴን የክርስትና ስም ጽፈዋል።

ማንበብ ጀምሬ መጨረስ አልቻልሁም። ለልጅቱ አቀበልኋት።

ጻፈችው። የሚከተለው ስንኝ ትንሽ ዝቅ አለ፤ ትርጉሙም አብሮት ዝቅ አለና ቆመ። ከስሙ ግማሹ፣ የእመቤታችን ስም ያለበት፣ ማንም ሳይነካው ቀይ ሆነ።

«ይሄስ ይጥቆር፣ መሪጌታ?» አለች።

«የለም። እሱ ጸሎቱ ውስጥ ነው ያለ።»

«ስንት ገጽ ተናጋ?» አልሁ። የባለቤቴ ጥያቄ ናት፤ ከአፌ አመለጠችኝ።

ልጅቱ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አይታ ተመለሰች።

«አንድም» አለች።

የፊደሉ ዓይነት ከፋይሉ ጋር ታሽጎ ስለሚሄድ ደሴ የተሳፈረ ሰው አልነበረም። መጻሕፍቱ ንግሡ አንድ ሳምንት ሲቀረው በጭነት መኪና መጡ። መሪጌታ ሳይደርሱ ካርቶኑን ከፈትሁ። የባለቤቴን ቀይ እስክሪብቶ ከመሳቢያ አውጥቼ በእጄ ይዤ፣ አንዱን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አየሁት። እንደላክነው ነው። እስክሪብቶውን ክዳኑን ሳልከፍተው መልሼ አስቀመጥሁት።