የአራት ጣሪያ ውሃ

ከዊንጌት ወደ እንጦጦ በኩል ባለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ የሠራሁት እኔ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቧንቧን ሥራ ያስተማረኝ ቧንቧው ራሱ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ለምነው መልሰውኛል። የአራት ሕንፃ ጣሪያ ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደዚያ ጉድጓድ ይገባል፤ የተማሪዎቹ የሻወር ውሃም በጠጠርና በአሸዋ ተጣርቶ ይቀላቀለዋል። ሽንት ቤቱም አትክልቱም ውሃ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ሰፈሩ ውሃ ሲያጣ የእኛ ግቢ አረንጓዴ ነው፤ ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሠራተኛውን ያሠለጠንኩትም እኔው ነኝ። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያው ውሃ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ ወደ ቦይ ይሂድ፤ ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ግን ሮጣችሁ ወደ ጉድጓዱ የሚያስገባውን ቫልቭ ክፈቱ እላቸዋለሁ። ያልሮጠ ከእኔ አፍ አያመልጥም። አትክልተኛዋን ዘግይታ ስለከፈተች አስለቅሻት አውቃለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ደለሉን ልጠርግ ቫልቩን ዘግቼ በመሰላል ወረድኩ። አትክልተኛዋ ከላይ ሆና ባልዲውን በገመድ ትስብልኝ ነበር።

"ጋሼ፣ እንጦጦ ጠቁሯል እኮ" አለችኝ።

"ጠቁሮ ስንቴ ሸውዶናል! ሂጂ ምሳሽን ብዪ። ይቺን ጥግ ጠርጌ ክበብ እመጣለሁ።"

"ብቻዎን?"

"ይህን ጉድጓድ የሠራው ማን መሰለሽ?"

ሄደች። የጥጉ ደለል ግን ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። ነጎድጓዱን ስሰማ አልደነገጥኩም፤ ቫልቩ ዝግ ነው። ድንገት የመግቢያው ቧንቧ አየር ተፋ፤ ተከትሎት ውሃው መጣ።

የሆነው ወዲያው ገባኝ። ቫልቩ ያለው ከሕንፃው ጀርባ ነው፤ እዚያ ለቆመ ሰው የጉድጓዱ አፍ አይታየውም። ከምሳ ስትመለስ ውሃው ጠርቶ ሲወርድ አይታ፣ ልክ እንዳስተማርኳት ሮጣ ከፍታዋለች።

የመግቢያውን ቧንቧ ከአፉ አጠገብ ያደረግኩት ውሃው ሲገባ ቆሜ ማየት ስለምወድ ነው። አሁን የአራት ጣሪያ ውሃ መሰላሉ ላይ ይወርድ ነበር። ልወጣ ሞከርኩ፤ ደረቴን መትቶ ጣለኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሞ ጣለኝ። ጮህኩ። ድምፄን ውሃው ዋጠው።

ጉልበቴን አለፈ። ወገቤ ደረሰ። ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ቀዳዳ ከቁመቴ በላይ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ግንቡንም ኤሌክትሪኩንም ለራሴ ያስተማርኩ ሰው ዋና ግን አልተማርኩም። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩና መሐሉ ላይ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋኝ። ማን ይፈልገኛል? ክበብ ሲያጡኝ ቤቱ ሄደ ይላሉ። ተማሪዎቹም እኔ የተንሳፈፍኩበትን ውሃ ሽንት ቤት ውስጥ ይለቁታል። ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ፤ ከብርዱ ግን አልነበረም።

በዳሰሳ ወደ ማዶው ግድግዳ ሄድኩ። ለአትክልቱ ውሃ የሚስበው የእጅ ፓምፕ የብረት ቧንቧው እዚያ ይወርዳል። በኪሴ መፍቻ ነበረ፤ ደበደብኩት። በዚያ ሰዓት ይህን ያሰበ ጭንቅላቴን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ውሃው ደረቴ እስኪደርስ ደበደብኩ።

አንድ ጭንቅላት ከላይ ብርሃኑን ከለለ።

"ማነው እዚያ?"

"እኔ ነኝ! ዝጊው!"

"ወይኔ ጋሼ! ወጥተው ወደ ክበብ የሄዱ መስሎኝ እኮ ነው!"

"ዝጊው አልኩሽ!"

ሮጠች። ቫልቩ ጋ እስክትደርስ ያለችው ጊዜ ከሁሉም ከፋች። ጭቃው አንሸራትቷት ብትወድቅስ? እጀታው ቢጠብቅባትስ? ውሃው አገጬን ነካ። ከዚያ የሚወርደው ቀጠነ፤ ቆይቶ ጠብ ጠብ አለ።

መሰላሉ ጫፍ ላይ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ሣሩ ላይ ተቀመጥን፤ ዝናቡ ሁለታችንንም ይቀጠቅጠን ነበር።

"ፓምፑ ሲንኳኳ ሰይጣን መስሎኝ ልሸሽ ነበር" አለች እያለቀሰች። "ገድዬዎት ነበር እኮ!"

"አንቺ ምን አጠፋሽ? እንዳልኩሽ አደረግሽ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ የሚወርድ ሁሉ የቫልቩን እጀታ ነቅሎ ኪሱ ከትቶ ነው የሚወርደው። ዘዴው የእኔ ነው፤ ሌላ ግቢ ቢቀዳው አይከፋኝም። እኔ ግን አልወርድም፤ አፉ ላይ ቆሜ አዛለሁ። ማታ ዝናቡ የቤቴን ቆርቆሮ መምታት ሲጀምር እግሬን ከወለሉ አንስቼ አልጋው ላይ እሰበስባለሁ። ባለቤቴ "በረደህ እንዴ?" ስትለኝ፣ አዎ እላታለሁ።