ጥጥ የት ይደር?

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ስፕሪንግ» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሶፋና ፍራሽ ሲያድስ ስለኖረ ብቻ አይደለም፤ ሲቀመጥም ሲነሳም ዘሎ ስለሆነ ነው። በግቢው ጫፍ ባለችው ዎርክሾፑ አንድ የማይሻር ሕግ አለው፤ ሰው የሚቀመጥበት ወይም የሚተኛበት ዕቃ እሱ ራሱ ሳይሞክረው ከበሩ አይወጣም። ሶፋ ከሆነ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነብበታል፤ አልጋ ከሆነ ጋደም ይልበታል። «ለእኔ ያልተመቸ ለደንበኛዬ እንዴት ይመቻል?» ይላል። ሚስቱ ግን «የእንቅልፍ ሰበብ ነው» ትላለች።

ልጆቻቸው አግብተው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ስፕሪንግ ይህን ለሰው ተናግሮ አያውቅም። ለፈጣሪው ግን ማታ ማታ፣ ጸሎቱን ሊጨርስ ሲል፣ እንደ ዋዛ አድርጎ ጠቆም ያደርግ ነበር። ታዲያ በቀደም ዕለት አንዲት ደንበኛ ያመጣችውን አሮጌ ሶፋ ሆዱን ቢቀደው፣ ከሽቦውና ከስፖንጁ መሃል አንድ ነጭ ቡችላ ዓይኑን እያርገበገበ ብቅ አለ። ለባለሶፋዋ ደወለላት።

«ውይ! ውሻዬ እዚያ ውስጥ ነበር የወለደችው» አለች። «ሁሉንም አውጥቼ ለሰው ያደልኩ መስሎኝ! በል አንተው ጋ ይቅር።»

ስፕሪንግ ለሁለተኛ ጊዜ እንድትናገረው አልጠበቀም። ስልኩን ሳይዘጋ «ጥጥ» ብሎ ስም አወጣለት።

ሚስቱ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ናት። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሊጥ የምታቦካ ሴት እንቅልፏን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው። ቡችላውን ከጆሮው እስከ ጭራው አየችው። ቀጥላም ባሏን በዚያው ዓይን አየችው።

«ሦስት ሌሊት» አለች። «በሦስት ሌሊት ውስጥ የት እንደሚያድር ወስን። እኔን ሳይቀሰቅስ ካላደረ የዳቦ ቤቱ ዘበኛ ውሻ ይፈልጋል፤ ይዤለት እሄዳለሁ።»

«ኧረ እናት ዓለም፣ ገና ሕፃን እኮ ነው!»

«ሕፃን ከሆነ እሽሩሩ በለው።»

ዎርክሾፑ አይታሰብም፤ ወለሉ ምስማርና መርፌ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ጥጥ ኩሽና ውስጥ፣ የሳሙና ካርቶን ውስጥ፣ በአሮጌ ሹራብ ተጠቅልሎ እንዲያድር ተደረገ። ኩሽናውን ከመኝታ ክፍሉ የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ቡችላው መጀመሪያ ላይ ድምፁም አልተሰማ። ስፕሪንግን እንቅልፍ ሸለብ ከማድረጉ ግን «ዉዉዉ!» የሚል ጩኸት ቤቱን ናጠው። ደንግጦ ዘሎ ተነሳ፤ ጸጥ። ተመልሶ ተኛ፤ እንደገና «ዉዉዉ!» እስኪነጋ ድረስ እንዲሁ ሆነ።

በማግስቱ የደንበኞቹን ሥራ ወደ ጎን አደረገና የከፈይ ቁራጭ ለብሳ፣ ዙሪያዋ ተከፍፎ፣ አራት እግር የገባላት ትንሽዬ አልጋ ሠራ። ዳኛ ቢተኛባት የማታሳፍር አልጋ ናት። ከእነሱ አልጋ ግርጌ አስቀመጣት። ያን ሌሊት የጥጥ ጩኸት ይባስ በረታ። ሚስቱ ራሷን ትራስ ውስጥ ቀብራ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ከትራሱ ሥር አንድ ድምፅ ወጣ፤

«ሁለተኛው አለፈ።»

እሷ ወደ ሥራ ከሄደች በኋላ ስፕሪንግ ግቢው ውስጥ ፊቱን ሲታጠብ፣ ጎረቤቱ ከአጥር ማዶ አንገቱን ብቅ አደረገ። ዕድሜውን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሌሊት እንቅልፍ ከመሪው ጋር አስረክቦ ነው የመጣው።

«ስፕሪንግ! ቤትህ ያደረው መኪና ምን ሆኖ ነው?»

«የምን መኪና ጋሼ?»

«ዳገት ላይ ማርሽ እምቢ ያለው ነዋ! መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳል፤ ኽርርር... ከዚያ ጥሩንባው ይከተላል፤ ዉዉዉ! ሞተሩ ጸጥ ሲል ጥሩንባውም ጸጥ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አዳመጥኩልህ። ጥሩንባው አንድ ጊዜ እንኳን ቀድሞ አያውቅም።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ጥሩንባው ቡችላህ ነው። ሞተሩን አንተው ገምት» አለና አንገቱን መለሰ።

ስፕሪንግ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንደ ደረቀ ቀረ። ሚስቱ ከሠርጋቸው ማግስት ጀምራ «ታንኮራፋለህ» ስትለው፣ እሱ ደግሞ «ሕልም አይተሽ ነው» ሲላት ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። እህቶቹን ጠርቶ አስመስክሯል። ልጆቹ ሲጠየቁ «እኛ ተኝተን ነበር» ይሉ ነበር፤ ብልጦች። አሁን ጥፋቱን ቢያምን ሃያ ስድስት ዓመት የቆመበት ክብር ይፈርሳል። ዝም ቢል ደግሞ ጥጥ ነገ ዘበኛው ጋ ነው። ቡችላው የሆነ ምስጢር የያዘ ይመስል እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ ያየዋል።

ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። እራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዛሬ ዎርክሾፕ ነው የማድረው።»

«ምነው በደህና?»

«ለሆቴል ያደስኩት ሶፋ አልጋ ነገ ይወሰዳል። በደንብ መሞከር አለበት።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«ሆቴል ነው እኮ! እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ አይደል የሚተኛው?»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ሚስቱ፤ ዓይኗን ከሳህኗ ላይ አላነሳችም። «ጥጥስ?»

«አንቺ ጋ፣ አልጋው ላይ ይሁን።»

ስፕሪንግ ዎርክሾፑን ዘግቶ ሊጸልይ ቆመ። «ጌታ ሆይ፣ ሶፋ አልጋው በእርግጥ ነገ ይወሰዳል» ብሎ እንደ ጠበቃ ጀመረ። «የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ።» ከዚህ በላይ መሄድ አልደፈረም። ጋደም አለ፤ ሶፋ አልጋውም ጥሩ ሥራ ኖሮ ወዲያው ይዞት ሄደ።

ሲነቃ ፀሐይ ወጥቷል። ግቢውን በሁለት ዝላይ አቋረጠው። የእረፍት ቀኗ ስለነበር ሚስቱ ደጃፉ ላይ ቡችላውን ታቅፋ ፀሐይ ትሞቃለች። ፊቷ ገና ከሙሽርነቷ የተነሳች ይመስል ፈክቷል።

«አንድ ጊዜ እንኳን አልነቃሁም» አለች። «እሱም እንደ ድንጋይ ነው የተኛው።»

«ይኸው! አላልኩሽም? እንግዲህ ይቀራል ማለት ነው...»

ቃሉን ሳይጨርስ የግቢው በር ጓ ብሎ ተከፈተ። ጎረቤቱ ሹፌር ነው፤ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«አንተ! መኪናውን ራስጌዬ ሥር አመጣህብኝ? መኝታ ክፍሌና ዎርክሾፕህ አንድ ግድግዳ መሆኑን ረሳኸው?»

«የምን መኪና ነው ጋሼ?» አለች ሚስትየዋ፣ ድምፅዋ ወተት ሆኖ።

ስፕሪንግ ከጀርባዋ ሆኖ በዓይኑ፣ በቅንድቡ፣ በእጁም ለመነው። ሹፌሩ ልመናውን አንድ በአንድ አየው፤ ደስም ያለው ይመስላል።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? ባለመኪናው ይናገር።»

ጥጥ የነጠላዋን ጫፍ ያኝካል። ስፕሪንግ አየው። ዛሬ ቢያመልጥ ነገ ማታ ወደ መኝታ ክፍሉ መመለሱ አይቀርም፤ ሞተሩም ይነሳል፤ የሚባረረው ደግሞ ይህ ምንም የማያውቅ ፍጥረት ነው።

«እሺ» አለ። «አንኮራፋለሁ።»

«አልሰማሁህም።»

«አንኮራፋለሁ አልኩሽ! ቡችላው ምንም አላጠፋም፤ የማስጮኸው እኔ ነኝ። ዘበኛው ጋ የሚሄድ ካለ እኔን ውሰጂኝ!»

ሚስቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ዘበኛው ውሻ ይፈራል» አለች ትንፋሿን ስትሰበስብ። «ጠይቄውም አላውቅ። ሃያ ስድስት ዓመት ምስክር ስፈልግ ኖርኩ። እህቶችህ ያው ያንተ ናቸው፤ ልጆቹ ፈሪ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሶፋ ሆድ አውጥቶ ሰጠኝ!»

«ከመጀመሪያው ሌሊት ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ኽርርር።»

ሹፌሩ በሳቅ ብዛት ብርድ ልብሱ ወደቀበት።

ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። ጥጥ ከአልጋቸው ግርጌ በከፈይ አልጋው ላይ ያድራል። ባልም እዚያው ክፍል ያድራል፤ በጀርባው መተኛት ግን ተከልክሏል፤ ሲያንኮራፋ የኖረው በጀርባው ሲንጋለል ነውና። ስፕሪንግ ሙያ አያጣም። ከሰዓት በኋላ የሌሊት ሸሚዙን ጀርባ ዘርግቶ፣ ጨርቅ ጠቅጥቆ የሠራትን ጡጫ የምታህል ጠንካራ ኳስ መሃሉ ላይ መስፋት ጀመረ። በጀርባው ሊዞር ሲል ትቆረቁረዋለች። ጥጥ የክሩን ጫፍ ነክሶ ይጎትታል፤ ስፕሪንግ «ተው!» ይለዋል፤ አፉ ግን ይስቃል።

ሚስቱ ከኋላው መጥታ ኳሷን በጣቷ ጫን አደረገቻት።

«ትንሽ ወደ ግራ አድርጋት። ስትገለበጥ በግራ በኩል ነው የምትዞረው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ነቅቼ የማድረው ማን ሆኖ ነው?» ስፕሪንግ አንገቱን ደፋ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ እንደ አዲስም ወደ ግራ አድርጎ መስፋት ጀመረ።