አልፈርስ ያለኝ ዋሻ

ሰው ሁሉ የሠራው እንዳይፈርስበት ይጨነቃል። እኔ ወልቂጤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር እንቅልፍ የነሳኝ የሠራሁት አልፈርስ ማለቱ ነበር።

የከርሰ ምድር ውሃ ዋሻን እንዴት እንደሚጎዳ ላጥና ብል ተራራ ላቦራቶሪ አይገባልኝም። ስለዚህ አሸዋ፣ ጄሶ፣ ቫዝሊንና ትንሽ ሲሚንቶ ቀላቅዬ ድንጋይ መሳይ ነገር እሠራለሁ፤ መስታወት ሳጥን ውስጥ እጠቀጥቀውና መሃሉን እንደ ዋሻ እሸነቁረዋለሁ። ከዚያ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ በርሜል ውሃ እለቅበታለሁ። ሳጥኑ ትንሽ፣ የሚሸከመውም ክብደት ቀላል ስለሆነ ድንጋዩም በዚያው ልክ ደካማ መሆን አለበት። ውሃው ቀስ እያለ ሲያለሰልሰውና ሲንደው እያየሁ እለካለሁ። በወረቀት ላይ እንግዲህ እንዲህ ነው።

ደካማ! ይህቺ ነች ጉድ የሠራችኝ። ያደግኩት ቡታጅራ፣ ግንበኛ አጎቴ ሥር ሲሚንቶ ሳቦካ ነው። እሱ ዘንድ ሲሚንቶ መሰሰት ነውር ነው። «ጨምርበት እንጂ፣ ሰው ነው የሚኖርበት!» ይለኛል። አሁንም በሚዛን ለክቼ ስጨርስ እጄ ሳያማክረኝ ትንሽ ጣል ያደርግበታል። ውሃው ተኝቶበት ከረመ፤ ዋሻዬ ወዙ እንኳ አልወጣም። አማካሪዬ መጥተው በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«አንተ፣ የጦር ምሽግ ነው እንዴ የሠራኸው? ወሩ ሳያልቅ ካልፈረሰ ውጤት የለህም፤ ዘንድሮ አትመረቅም» አሉኝ።

እናቴ ደግሞ የምትኖረው ቡታጅራ አጠገብ መስቃን ገጠር ነው። በስልክ «ዋሻ ሠርቼ ውሃ እየለቀቅኩበት ነው» ብያት ኖሮ፣ እንዳይፈርስብኝ ለማርያም ጧፍ ተስላልኛለች። እንዴት ብዬ ተይው ልበላት? ወይ ጉዴ! ዲግሪ ያለኝ ሰውዬ፣ ሙከራዬን ያበላሸው የእናቴ ስለት ይሆን እንዴ ብዬ መጠርጠር ጀመርኩ።

በመጨረሻ እጄን ስላላመንኩት አንዲት የክፍል ጓደኛዬ እንድትመዝንልኝ ለመንኳት። እሷ ስትቀላቅል እኔ ሁለት እጄን ኪሴ ከትቼ፣ እንደተቀጣ ተማሪ ጥግ ቆምኩ። «ትንሽ ብቻ...» ስል ገላመጠችኝ።

ድንጋዩ ደርቆ ውሃ በለቀቅንበት ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ የዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ዘጭ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አማካሪዬ መስታወቱ ላይ ተደፍተው አዩና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ፈረሰ! ፈረሰልሽ!»

«በስመ አብ!» አለች። ዋሻው ሳጥን ውስጥ ያለ መሆኑን፣ መፍረስም እንዳለበት አለማስረዳቴ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ቀደመችኝ።

«አንተስ? አንተን አልነካህም?»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ።»

ትንፋሿ ሲመለስ ተሰማኝ። «እንግዲያው ይፍረስ» አለች። «ገደል ይግባ፣ የኔ ልጅ። አንተ ካለህልኝ ሌላ ትሠራለህ። አሁን ተነስና እኔ ዘንድ ና፤ ቆጮም አለ።»

እንደምመረቅ የነገርኳት እንባዬን ከዋጥኩ በኋላ ነው።