ማልሱን ለባሏ የፈረመችው

ማልሱን በጁሙንጂን ወደብ ዓሣ አድርቃ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ዶክቤ ጀልባ ነበረው። በብርዱ ወራት እንደወጣ ጀልባዋ ተሰባብራ ባዶዋን ተጎትታ መጣች፤ የእሱን ሬሳ በኋላ አገኙት። ማልሱን አላለቀሰችም። ዓሣውን ማገላበጧን ቀጠለች።

የሕይወት መድን ያስገባቻት ኦክቡን ናት፣ የሰፈሯ የመድን ወኪል። ወደቡ ላይ ያለ ሁሉ መድን የገባው ከእሷ ነው፤ የሚያውቁትን ሰው እምቢ ማለት ያሳፍራላ። ዶክቤ በሕይወት ሳለ፣ እንደ ልማዷ የመድን ድርጅቱ ስም የታተመበት የስጦታ ፎጣና የውል ወረቀት ይዛ ገበያ መጣች።

«ዶክቤ የታለ?»

«ባሕር ላይ ነዋ፣ እትዬ።»

«ታዲያ አንቺ ምኑ ነሽ? ፈርሚለት! አልጋውን የተጋራሽ ብዕሩን ፈራሽ?»

ዓሣ ሻጮቹ ሳቁ። ማልሱንም ሳቀች፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ፈረመች።

አሁን ሁለቱ መድን ቢሮው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ገንዘቡ ከተገኘ ጀልባዋ ትጠገናለች። ካልተገኘ ትሸጣለች።

«እናቴ፣ ይሄ የባለቤትዎ ፊርማ ነው?» አላት ወጣቱ ሠራተኛ።

«እንዴታ! ዓይኔ እያየ ነው የፈረመው» አለች ኦክቡን ቀድማ።

«እሳቸው ይመልሱ።»

ማልሱን ፊርማውን አየችው።

«የኔ ነው። እሱ ባሕር ላይ ነበር።»

ኦክቡን ጉልበቷን ቆነጠጠቻት። መቆንጠጧን አወቀች፣ ግን አላመማትም።

«ውል ገቢ ማለት እርስዎ ነዎት፣ አረቦኑን በየወሩ የሚከፍሉት» አለ ልጁ ቀስ ብሎ። «ተጠቃሚም እርስዎ ነዎት፣ ገንዘቡን የሚቀበሉት። መድን የተገባላቸው ግን ባለቤትዎ ናቸው። ሕጉ ራሳቸው ይፈርሙ ይላል። ሚስትም ብትሆን አትፈርምላቸውም። ስለዚህ ውሉ ዋጋ የለውም።»

«ፈረሰ?»

«አይ። ከመጀመሪያውም አልነበረም ማለት ነው።»

እሺ አለች። ለሌለ ነገር በየወሩ ስትከፍል ኖራለች ማለት ነው። ይህም አላመማትም።

«ግን ፈርሚ ያለችዎ ወኪላችን ከሆነች ጥፋቱ የእኛ ነው። ድርጅቱ እርስዎን ይክስና ገንዘቡን ከወኪሏ ያስከፍላል። ማን ነው ፈርሚ ያለዎ?»

ኦክቡን ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተከለች። በለቅሶው ቤት ሾርባ ስታመላልስ፣ ሳህን ስታጥብ የሰነበተችው እሷ ናት። ማልሱን ይህን አሰበችው፣ እንደ ሌላ ሰው ነገር።

«እሷ» አለች። የደረቀውን ዓሣ ለደንበኛ እንደምታሳየው በጣቷ ጠቆመች።

ወደ ሰፈር የሚሄደው አውቶቡስ አንድ ነው፤ አብረው ተሳፈሩ። ኦክቡን ጎኗ ተቀመጠች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ትንሽ እንኳ አላመነታሽም።»

«እም።»

«ሩዝ እንኳ ቀምሰሻል ግን?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ።»

ገበያ ስትደርስ ዓሣዎቹን አገላበጠች። ጀልባዋ እዚያው ታስራ ትወዛወዛለች። እጇን ልትጠርግ ያነሳችው ፎጣ ያ የኦክቡን ፎጣ ነበር። ጠረገችበትና መልሳ ሰቀለችው።