የጀይሉ እግር

ጀይሉ የሰፈሩን ሰው ቆሞ ሰላም ማለት የጀመረው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት የኮልፌው አጣና ነጋዴ ለሰላምታ አገጩን ከነቀነቀ ብዙ ነው። አሁን ከአጣና ተራው እስከ መስጊድ ሦስት አራት ቦታ ይቆማል፤ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ አገር ቤት የቀረውን ዘመድ ሁሉ ደኅንነት አንድ በአንድ ይጠይቃል። ሰዉ «አላህ ልቡን አራራው» አለ።

ዘይነባ ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱ ናት፤ ልቡን ታውቀዋለች። ከኋላው እየሄደች እርምጃውን ቆጠረች። መቶ ያህል ሲሞላ ሕመም ባቱን ይይዘዋል፤ ያኔ ፊቱ ያገኘውን ሰው ያቅፋል። ሕመሙ እስኪለቀው ድረስ የሰውየው ከብት ተጠይቆ አያልቅም።

ለምን እንደሚደብቅም አልጠፋትም። ባለፈው ዓመት አልፊያን በላይዋ አግብቷል። የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሚስት ያለችው ሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እግሩን አያሽም።

ይልቅ ጥሩነህን አስጠራ። ጥሩነህ ከጦር ሠራዊት የወጣ ድሬሰር ነው፤ መርፌውን በቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ዶክተር ሲሉት አያርምም።

«የወንድ ሆርሞን ነው ጋሼ» አለ መርፌውን እየቀቀለ። «ዕድሜ ሲገፋ ይደርቃል። እሱ ሲደርቅ ደም ሥሩ ይጠባል። እኔ እሞላልዎታለሁ።»

«ያመመው እግሩን ነው» አለች ዘይነባ። «አንተ የምትወጋው ቂጡን።»

«ደም ይዞራል እትዬ።»

በሳምንቱ ጀይሉ ደረቱን ነፍቶ ራሱ አጣና ሲሸከም ታየ። ዘይነባ ለሶላት ውሃ ስታፈስለት ግን እግሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ አገኘችው። ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችው።

ዶክተር አምሐ የእግሩን ትርታ በጣቱ ፈልጎ አጣው። «የወንድ ሆርሞን በዕድሜ መቀነሱ እውነት ነው» አለ። «ከደም ሥር ጋር ምን እንደሚያገናኘው ገና አልታወቀም። የእርስዎን እግር የሚገድለው ግን ሲጋራ ነው፤ ያቁሙት። በየቀኑ ይራመዱ፤ ሲያምዎ ያርፉ፤ ደግሞ ይራመዱ።»

ከበሩ እንደወጡ ጀይሉ ሲጋራ ለኮሰ። «ሰማሽ? እሱም አመነ።»

ይህን ሁሉ ምክር ተቀብሎ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ይዞ ወጣ። ስድስት መርፌ ጨመረ። በቀን አንድ ፓኮውን አልቀነሰም። መራመዱንም ተወው፤ በጋሪ ይሄድ ጀመር።

ጥቅምት ላይ አልፊያ ወደ ዘይነባ ክፍል መጣች። በፈቃዷ ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እትዬ፣ ጫማውን ቤት ውስጥም አያወልቅም። ይሸታል።»

«ምን ይላል?»

«አጣና ወድቆብኝ ነው ይላል።»

ሁለቱ ሚስቶች ተጋግዘው አወለቁት። ሦስት ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ እየወጣ ነው።

ሆስፒታል ሲያደርሱት ዶክተር አምሐ ነገር አላስረዘመም። እግሩ ከጉልበቱ በታች ዛሬውኑ ካልተቆረጠ ሰውየው ይሞታል። የፈቃድ ወረቀቱንና የጣት አሻራ ቀለሙን ጣሳ ፊቱ አስቀመጠለት።

ጀይሉ ወረቀቱን አየ፤ አልፊያን አየ። «ዶክተር፣ ከቆረጣችሁኝ በኋላ መርፌውን መቀጠል እችላለሁ?»

«ጋሼ፣ እግርዎን እያጡ ነው።»

«እሱ ገብቶኛል። የጠየቅሁት መርፌውን ነው።»

አልፊያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዘይነባ የባሏን አውራ ጣት ያዘች፤ ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነችው።