ያልተሳሳተችው ልጅ

ታላቅ እህቴ ስህተት ሰምታ ማለፍ አይሆንላትም። ለሦስተኛ ክፍል ንባብ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አመሏ እቤትም አይለቃትም፤ እናታችን ወሬ ስትጀምር እንኳ መሃል ገብታ ታቃናታለች። "ምነው ልጄ፣ ተማሪሽ መሰልኩሽ?" ትላታለች እናታችን። ሰፈርተኛው ከነጭራሹ "እርማት" ብሎ ስም አወጣላት፤ እሷም ስትጠራበት አቤት ትላለች።

ክፍሏ ውስጥ ስድሳ ሁለት ልጆች ነበሩ። የምታስነብባቸው ከፊት ረድፍ ጀምራ በተራ ነው፤ ያንኑ አንድ ገጽ እየተነሱ ያነባሉ። ለተደናቀፈው ልጅ ትክክለኛውን ቃል ወዲያው ታቀብለዋለች፣ እሱም ደግሞት ይቀጥላል። መጨረሻው ረድፍ እስክትደርስ ጉሮሮዋ ይዘጋል። እዚያ ግን መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበረችላት። እሷ ከተነሳች አንድ ቃል አትስትም። "እንደሷ ያሉ አሥር ልጆች ቢኖሩኝ እኮ!" ትለን ነበር እራት ላይ።

ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጉሮሮዋን በጣም አመማት። ጥቂት ልጆች ብቻ አስነብባ ለማረፍ አሰበችና፣ አዲስ ገጽ አስገልጣ ከኋላ ጀመረች። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ተነሳች። መጽሐፉን ይዛለች፣ ዓይኗ ግን እህቴ አፍ ላይ ነው። ዝም አለች። እህቴ እንደ ልማዷ የመጀመሪያውን ቃል አቀበለቻት፤ ልጅቷ ደገመችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት ገጹን ጨረሱት።

በእረፍት ሰዓት አስቀርታ ብትፈትናት ከአሥር ፊደል በላይ አታውቅም። ዓመቱን ሙሉ ጓደኞቿ ሲታረሙ እየሰማች በቃሏ ስትይዝ ኖራለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጎበዝ ሲሉኝ ጊዜ ፈራሁ፣ ቲቸር።"

እህቴ ያን ቀን እቤት ገብታ አለቀሰች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። አሳዘነችኝ።

በቀረው ጊዜ በየእረፍቱ ልጅቷን ይዛ ተቀመጠች። ሁለት ሳምንት ምን ያደርጋል? ስድስት ፊደል ጨመረችላት። የክፍሉ ፈተና የቃል ንባብ ነበርና ውጤቷ ቀድሞ ተሞልቷል። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄዳ ልጅቷ ትድገም ብላ ለመነች።

"በእጅሽ ዘጠና አምስት የሰጠሻትን ልጅ በምን አፌ ነው ድገሚ የምላት?" አላት። "ደግሞስ ለአዲሶቹ ወንበር ከየት ላምጣ?"

ልጅቷ አለፈች። በአዲሱ ዓመት እህቴ የአራተኛ ክፍሉን መምህር ኮሪደር ላይ ይዛ ሁሉንም ነገረችው። "አደራህን፣ ከፊደል ጀምርላት። ስታስነብብም ከኋላ ጀምር።"

"ችግር የለም" አላት።

ወር ቆይታ ጠየቀችው።

"የመስኮቷን ልጅ? ኧረ ተይኝ እህቴ! ሰባ ልጅ እየተንተባተበብኝ ያልተሳሳተችውን ላርምልሽ?"

በማግስቱ በክፍሉ ደጃፍ ስታልፍ ንባብ ሰዓት ነበርና ቆም ብላ አዳመጠች። ተራው ከፊት ተነስቶ ረድፍ በረድፍ እየተደናቀፈ፣ እየታረመ ሄደ። በመጨረሻ የልጅቷ ድምፅ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል። እህቴ አንዲት ስህተት እንድታገኝባት እየለመነች እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አላገኘችም።

"ጎበዝ፣ ተቀመጪ" አለ መምህሩ።