ሦስተኛዋ ወገን

የሰፈሩ ሰው ልብስ ሰፊዋን «እንቁላል» ይላታል። ስሙ የወጣላት ከአስተማሪዋ ጋር መኪና በምትለማመድበት ሰሞን ነው። መኪናው ሲንፏቀቅ ያየ ጎረቤት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ተረተባት፤ ተረቱ ተረሳና እንቁላሉ ቀረ። እሷም አልከፋትም። ሃምሳ ዓመት አልፎት መሪ የጨበጠ ሰው ቢሳቅበት ምን ይገርማል?

መሪ የጨበጠችው ግን ለሽርሽር አልነበረም። ታናሽ እህቷ ኩላሊቷን ታማ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደች ደሟ ይታጠባል። ስትመለስ አቅሟ ተሟጦ፣ አንዳንዴም እያስመለሳት ነው። አንዴ ያሳፈራት ባለታክሲ ሌላ ቀን ሲያያት ፊቱን ያዞራል። ወንድማቸው አሮጌ መኪናውን የሰጣቸው ጊዜ ታላቅየዋ «ዕዳው ገብስ ነው፣ እኔ እነዳለሁ» አለች። መንጃ ፈቃዱም ተገኘ። የቀረው ኢንሹራንስ ብቻ ነበር።

ገብሱ እዚያ ላይ ድንጋይ ሆነ። የሄደችበት ቢሮ ሁሉ ስለ መንዳት ልምድ ይጠይቃታል። «የለኝም» ስትል አረቦኑ፣ ማለትም በየዓመቱ የምትከፍለው ገንዘብ፣ ሽቅብ ይወጣል። አንደኛው ቢሮማ የጠየቃት ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ሊስተካከል ምንም አልቀረው። ልምድ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ልምድ እንዳልነበረው የሚያስታውስ መሥሪያ ቤት መቼም የለም!

በመጨረሻ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ከረባቱ የጠመመ ወጣት የሽያጭ ሠራተኛ አገኘች።

«እማማ፣ ለጀማሪ ሹፌር ርካሹ ሦስተኛ ወገን ነው» አላት።

«እማማህ ቤታቸው ናቸው» አለችው። ከዚያ በልቧ ማሰላሰል ጀመረች። ወገን ማለት ዘመድ እንደሆነ ከልጅነቷ ታውቃለች። አንደኛ ራሷ፣ ሁለተኛ መኪናውን የሰጠው ወንድሟ፣ ሦስተኛ እህቷ። «በቃ፣ ወገኔን ከሸፈነልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» አለችው።

ወጣቱ ስልኩ ጠርቶበት ስለነበር አንገቱን ነቅንቆ አለፈው።

ውሉን ፈርማ ቤት ስትገባ ገና ከበሩ «እሰይ፣ ሦስተኛ ወገን ሆነሻል!» አለች።

እህቷ ከትራሷ ቀና አለች። «ሦስተኛ? ሁለተኛዋ ደግሞ ማናት፣ እታለም?»

ያኮረፈች መስላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀኑን ሙሉ ሲሳሳቁበት ዋሉ።

ክረምቱን በሰላም ነዳች። ሰማዩ የጠራ ሰሞን ግን እህቷን ከሕክምና አውጥታ፣ ከኋላ ወንበር አጋድማ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ልትወጣ ወደ ኋላ ስትል ከቆመ ታክሲ ጋር ተላተመች። የእሷ የኋላ መብራት ረገፈ፤ የታክሲው በር ተጨረማመተ።

«ኧረ እናቴ፣ ምን አደረግኩዎት?» አለ ባለታክሲው ራሱን ይዞ።

ለወጣቱ የሽያጭ ሠራተኛ ደወለች።

«የሰውየው በር አያሳስብዎት፣ እናሠራላቸዋለን» አላት። «ሦስተኛ ወገን ማለት እሳቸው ናቸው።»

«እሳቸው? ዛሬ ገና ያየኋቸው ሰውዬ?»

«አዎ። አንደኛዋ ወገን እርስዎ፣ ሁለተኛው እኛ፣ ሦስተኛው እርስዎ ጉዳት ያደረሱበት ሰው። የራስዎን መብራት ግን ራስዎ ነዎት የሚያሠሩት።»

«እህቴስ? እየጫንኳት የምሄደው እህቴ?»

«ለተሳፋሪ ሌላ ውል ነው። እርስዎ አልገቡም።»

ክው አለች። መብራቱም በሩም ከሐሳቧ ጠፉ። ክረምቱን ሁሉ በዚያ ጭቃና ዝናብ «አይዞሽ፣ ተሸፍነሻል» እያለች ያመላለሰቻት ልጅ ያለ ምንም ዋስትና ኖሯል የተቀመጠችው። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ፈራች። ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻትና ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ታክሲ ልፈልግልሽ።»

እህቷ ዓይኗን ሳትገልጥ «እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ወረቀቱን አምኜ ይመስልሻል?» አለች። «ንጂ እንግዲህ፣ ደክሞኛል።»

ነዳች። እንደ ስሟ ቀስ ብላ፣ ከኋላ ጥሩንባ የሚነፋባትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ቤት አደረሰቻት።

በማግስቱ ከጠባቧ ቢሮ ተገኘች። ሙሉ ዋስትናው ዛሬም የሚቀመስ አልነበረም። «መኪናው ቢጎዳ ይጎዳ፤ የተሳፋሪውን ጨምርልኝ» አለች። ያኛው ዋጋ አንድ ሁለት ቀሚስ አምሽቶ ከመስፋት አያልፍም።

ወጣቱ መጻፍ ጀመረ። «አብረውዎት የሚሳፈሩት ሰው ለእርስዎ ምንዎ ናቸው?»

«አንደኛ ወገኔ ናት።»

እንዲያ እንደማይባል ሊያስረዳት ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። «እህት» ብሎ ጻፈ።